ሰርቪስ አለው

«እኔ የማከራየው ቤት ነው እንጂ አየር አይደለም። አፍንጫሽ ካልቻለው አፍንጫሽን ሌላ ቦታ አከራዪው!»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆመው የተናገሩኝ ሞጆ ውስጥ የአንድ ግቢ ባለቤት የሆኑ ሴትዮ ናቸው። ቀኑ እሑድ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ይሆናል። እኔ የሹራቤን እጅጌ ስቤ አፍንጫዬን አፍኜያለሁ። ባሌ ከጎኔ ቆሞ ጫማውን ያያል። ደላላው ይስቃል። የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ደላላ ዝም ካለ ቤቱ ሳይከራይ የሚቀር ስለሚመስለው ነው።

እዚያ ግቢ ምን ልሠራ እንደገባሁ ከመጀመሪያው ልናገር።

እኔ የምሠራው ዱከም ነው፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኪስ ሰፋሁ። የሱሪ ኪስ። እሱም ቀኙን ብቻ፤ ግራውን የምትሰፋው ሌላ ልጅ ናት። ከዚያ አንድ ቀን ጠሩኝና ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ በሃያ አራት ሴቶች መካከል እየተንጎራደድኩ የሌላውን ስፌት የማይ ሰው ሆንኩ። ቁጭ ብዬ መዋል እንደ በሽታ ነው የሚያመኝ፤ ስለዚህ ያ ሥራ ለኔ ደመወዝ ብቻ አልነበረም፣ ከወንበር መፈታት ነበር። ግን ሕግ አለው። ሱፐርቫይዘር በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካረፈደች ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። ወረቀቱ መግቢያው በር ላይ ተለጥፏል። አንዷን ሲመልሷት አይቻለሁ። ትናንት ስታዝዛቸው ከነበሩት ልጆች መሀል አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ በሳምንቷ ለቀቀች።

እኔ አርፍጄ አላውቅም፤ ምክንያቱም ሰርቪስ አለኝ። ሰርቪስ የምለው ፋብሪካው ሠራተኛ የሚያመላልስበትን አውቶቡስ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ያነሳናል። ከዚያ በፍጥነት መንገዱ፣ የትም ሳይቆም፣ እኛም አፋችንን ከፍተን እየተኛን፣ ዱከም።

ባሌ ደግሞ መቂ ነው ሥራው። የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበት አገር ነው፤ ፓምፕ ሲቆም ባለእርሻው ያብዳል፣ ሲያብድ ባሌ ጋ ይደውላል። ጠዋት ከአዳማ ሞጆ በሚኒባስ፣ ከሞጆ መቂ በሌላ ሚኒባስ፤ ማታም እንደዚያው ተገልብጦ። ሲገባ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ናፍጣው ቀፍፎኝ አያውቅም፤ እንዲያውም እወደው ነበር። ይህን የምናገረው ሽታ የምፀየፍ እመቤት እንዳልመስላችሁ ነው።

በተጋባን በዓመቱ የአዳማው አከራያችን ልጃቸው ሊያገባ ነውና ቤቱን ልቀቁ አሉን። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የወሩን መጨረሻ ሰጡን። እንግዲህ የት እንከራይ? እኔ እዚያው አዳማ አልኩ። እሱ መቂ አለ። ቤት ፍለጋውን በኔ በኩል ጀመርኩት፣ በእረፍት ቀኔ።

ቤት ፍለጋ ሰው ለሰው ያለውን ክብር ለማየት ጥሩ ነው። አንዱ ግቢ ሽንት ቤቱ የጋራ ሆኖ በቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ ቁልፉ እንዳይጠፋ ከበግ አጥንት ጋር ታስሯል። አጥንቱ የስንት ተከራይ እጅ እንዳለፈበት እንጃ፣ ወዝቶ ያብረቀርቃል። አከራይዋ እንደ ሽልማት አቀበሉኝ። በሁለት ጣቴ ይዤ መለስኩላቸው። ሌላው ግቢ የምግብ ማብሰያው ቦታ ከሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሆኖ መሀሉ ላይ ጆንያ ተሰቅሏል። «መጋረጃ አለው» አሉኝ። ጆንያው ደግሞ እጅ ይጠረግበታል፤ የቱ እጅ ከየት ወጥቶ እንደጠረገበት አልጠየቅኩም።

አንዱ ብቻ ደህና ነበር። ሲሚንቶው የተወለወለ፣ ቧንቧው የማይንጠባጠብ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ንጋት ላይ በሩን እንደምከፍት ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለትዳር ነኝ አላልሽም?»

«ነኝ አባባ።»

«ታዲያ ገና ሳይነጋ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ሥራ ነዋ።»

«የምን ሥራ?»

«ኪስ» አልኳቸው፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ስፌት ነው ብዬ እስካስረዳ ድረስ ፊታቸው ተለወጠ። ካስረዳሁም በኋላ አልተመለሰም። «እኛ ግቢ ሴት በዚያ ሰዓት በር አትከፍትም፤ ጎረቤት አለን» አሉኝ። ባሌስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢወጣ? እሱ ችግር የለውም፤ ወንድ ነው። ከበሩ ወጥቼ መንገዱ ላይ ተፋሁ፣ በእውነት ተፋሁ፤ የአዳማ ንፋስ ግማሹን ቀሚሴ ላይ መለሰልኝ።

የሥራ ጓደኛዬ፣ ያቺ የግራውን ኪስ የምትሰፋው፣ ዱከም ከሁለት የፋብሪካችን ልጆች ጋር ተከራይታለች። ይህን ስነግራት «ነይ እኛ ጋ፤ አንድ ፍራሽ ይገባል» አለችኝ። «ባሌንስ የት ላድርገው?» ብያት ሳቅን።

ሞጆን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ማታ ሽሮ እየበላን እንጀራውን ቆረሰና ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ዱከም ነው። ይሄ መቂ። ይሄ ደግሞ» አለና አንድ ቃሪያ መሀል ላይ አኖረ፣ «ሞጆ። መንገዱ እዚህ ነው የሚለያየው። ጠዋት እዚህ እንለያያለን፣ ማታ እዚህ እንገናኛለን። ግማሽ መንገድ ላንቺ፣ ግማሽ መንገድ ለኔ።»

አማረልኝ። ግን የኔ አውቶቡስ በፍጥነት መንገዱ ሽው ብሎ ያልፋል እንጂ ሞጆ አይገባም። ከሞጆ ዱከም በሚኒባስ ልሂድ ብል ደግሞ በዚያ ሰዓት እስኪሞላ መጠበቅ፣ ደብረ ዘይት ላይ መውረድ፣ እንደገና መያዝ አለ። ሦስቱን ማርፈድ በአንድ ሳምንት እጨርሰዋለሁ። ይህን አንድ በአንድ ነገርኩት። «እሺ እናያለን» አለና ሞጆን በላት።

ፋብሪካው ውስጥ ግን ለሞጆ ልጆች አዲስ ሰርቪስ ሊመደብ ነው የሚል ወሬ ከተነሳ ቆይቷል። እሱም ያውቃል፤ እኔው ነኝ የነገርኩት። ስለዚህ በሳምንቱ፣ እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያጠብኩ ሳለ፣ እሱ ከሞጆ ደላላ ጋር ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ሲያወራ ጆሮዬ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ቤቱ ምርጥ ነው» ይላል ደላላው። «ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ለአስፋልት ቅርብ ነው፣ ሰርቪስ አለው...»

ከነሳሙናዬ ብድግ አልኩ። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቅኩት።

«ሰርቪስ አለው ነው ያለው?»

«ሰርቪስ አለው።»

«የኛው? አዲሱ ተጀመረ ማለት ነው?»

«ሰምተሻል አይደል፣ ሆዴ? ሰርቪስ አለው።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

«ስንሄድ ትጠይቂያለሽ።»

ያንኑ ሁለት ቃል ደጋግሞ ሰጠኝ እንጂ አንዲት ነገር አልጨመረበትም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። አንገቱን በሳሙና እጄ አቅፌ ሸሚዙን አረጠብኩት። በማግሥቱ ትራንስፖርት ክፍል ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። የዚያን ሳምንት የሚላክ ዕቃ ነበረና ቀና ብዬ ለመተንፈስም ጊዜ አልነበረኝም ልበል? ነበረኝ። መጠየቅ አልፈለግኩም እንጂ።

እሑድ ሞጆ ወረድን። ደላላው ባጃጅ ይዞ ጠበቀን፤ ጥቁር መነጽሩን ከዓይኑ ሳይሆን ከአናቱ ላይ ያደረገ ጎረምሳ ነው። «አካም ጅርቱ፣ ሙሽሮች!» አለን። እኔን «ሲስተር» እያለ ጨበጠኝ። ባሌን ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ እንደሚያውቁት ሰው።

ግቢው ሲታይ ንጹሕ ነው። ተጠርጓል፣ በቀለም ጣሳ አበባ ተተክሏል። ሽታው የተቀበለን ከበሩ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጨው ነው፣ እርጥብ ጨው። ከዚያ ሥጋ። ከዚያ ደግሞ ስም የሌለው፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ፣ ምራቅ ሲውጡት አብሮ የሚዋጥ ነገር። ዓይኔ አለቀሰ። ሴትዮዋ ከትልቁ ቤት ወጥተው «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» አሉን። እኔ የመጣሁበትን ቸኩዬ ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ሰርቪሱ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ምኑ?»

«ሰርቪሱ።»

ሴትዮዋ ደላላውን አዩት። ደላላው ባሌን አየው። ባሌ ጫማውን አየ።

«ሰርቪስ ደግሞ ይመጣል እንዴ ልጄ? ይኸው ቆሞልሻል! ካሠራሁት ቀን ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም!»

እጃቸውን ተከትዬ አየሁ። ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ጋር ተለጥፋ፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል። ሰርቪስ ቤት። እኔ እኮ ተወልጄ ያደግኩት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው! አዳማ የምንለቀውም ሰርቪስ ነው። ከሰው ግቢ ጀርባ ተጠግቼ ዕድሜዬን የኖርኩ ሰው፣ «ሰርቪስ አለው» ሲባል አውቶቡስ የታየኝ አውቶቡሱን ስለፈለግኩት ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ አውቶቡስ ጠብቀሽ ነው?» ደላላው ሆዱን ያዘ። «ችግር የለም፣ ጎማ እናስገባለታለን!»

ሴትዮዋም ሳቁ። እየሳቁ ወደ ሰርቪሱ ወሰዱን፤ ሽታውም በየእርምጃው ወፈረ። ከክፍሏ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ መጋዘን አለ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ የበግና የፍየል ቆዳ ጨው ተነስንሶበት እስከ ጣራው ድረስ ተከምሯል። ሴትዮዋ ለቆዳ ነጋዴ አከራይተውታል። ከበሩ ሥር ቡናማ ውሃ እየተንጠፈጠፈ ይወጣና ትንሽ ቦይ ይዞ በሰርቪሱ ደጃፍ ያልፋል። በላዩ ፀጉር ይንሳፈፋል። ዝንቡ ሲነሳ ድምፅ አለው፣ እንደ ትልቅ ጨርቅ መቀደድ። ያ «ውሃ አለው» የተባለው ቧንቧ ደግሞ የቆመው እዚያው ቦይ ላይ ነው። ሰሃኔን እዚያ ላጥብ፤ ፊቴንም።

እጅጌዬን አፍንጫዬ ላይ ያደረግኩት ያን ጊዜ ነው። «ኧረ ይገማል እትዬ፣ እዚህ እንዴት ሰው ይተኛል?» አልኩ። እሳቸውም ያንን አሉኝ፤ የማከራየው ቤት ነው እንጂ አየር አይደለም፣ አፍንጫሽን ሌላ ቦታ አከራዪው።

«አየሩንማ አከራይተውታል» አልኳቸው። «ለቆዳ።»

«እኔ ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ሞትኩ? ያው ጨው ነው! ምን፣ የናዝሬት ልጅ ጨው አትበላም?»

«እሺ፣ ይክፈቱልኝና ውስጡን ልየው» አልኩ። ማየት ፈልጌ አይደለም፤ አይቼ፣ አይሆንም ብዬ፣ ባሌን ይዤ ልሄድ ነው። እሱም እንደኔ የተሞኘ መስሎኝ አዝኜለት ነበር።

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አሉ ሴትዮዋ። «እሱ ጋ አይደል እንዴ?»

ወደ ደላላው ዞርኩ። ደላላው ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቁን አቆመ።

«እሱ አይደለም፣ ባልሽ!» አሉ ሴትዮዋ። «ማክሰኞ መጥቶ ወሰደ እኮ። አልነገረሽም?»

ባሌ ኪሱ ገባ። ቀኝ ኪሱ። የቁልፍ መያዣውን አወጣ፤ ከአዳማው ቤታችን ቁልፍ ቀጥሎ አንድ አዲስ ቢጫ ቁልፍ ተሰክቷል። ያ መያዣ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ከራስጌዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያድረው። አንስቼለት ሁሉ አውቃለሁ።

ከፈተው። መስኮት የላትም። በመጋዘኑ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ግን መጋረጃ ተሰቅሏል፤ አዲስ፣ ሮዝ ቀለም፣ ከነ ማሰሪያው። መስኮት በሌለበት መጋረጃ። ሄጄ ገለጥኩት። ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጥቧል፤ ጨው እንደ እከክ ወጥቶበታል፤ ከታች፣ ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት ስንጥቅ፣ ነጫጭ ትሎች እየተገፋፉ ይወጣሉ። ባሌ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ለካ ያንን ቦታ ለክቶ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ቀለም መርጦ፣ ምስማር መትቶ ነው የመጣው። ወደ እሱ ዞርኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሰርቪሱን።»

«ሰርቪስ አለው አልኩሽ። ዋሸሁ? የለውም?»

«አውቶቡስ እንደመሰለኝ ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

ሴትዮዋና ደላላው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያለ ድምፁን ድሮ እወደው ነበር።

«ሆዴ፣ ስሚኝ። አንዴ ከገባን ትለምጂዋለሽ ብዬ ነው። አንድ ወር ትሞክሪዋለሽ። መንገዱ ካስቸገረሽ ደግሞ... መቂ መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋል። ቁጭ ብለሽ ነው፣ ምንም አይደክምሽም። ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ከሚቀጥለው ወር በኋላ ትመጣለች ብዬ።»

«እንደማረፍድ ቆጥረህ?»

«ላንቺው አስቤ እኮ ነው።»

«እንደሚመልሱኝ ቆጥረህ?»

እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ሊይዝ ተጠጋኝ። ናፍጣው ያን ጊዜ ሸተተኝ። ከቆዳው፣ ከጨው ውሃው፣ ከትሉ ሁሉ በላይ እሱ ሸተተኝ፤ ወደኋላዬ ሳፈገፍግ መጋረጃውን ተደገፍኩና ከነምስማሩ ወረደ።

«ኧረ ግድግዳዬን!» አሉ ሴትዮዋ። «ልጄ፣ ባል ያለው ሰው እኮ እንዲህ አይሆንም። አስቦ፣ ቤት አሰናድቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎልሽ! የኔው ሰውዬ አንዲት ምስማር መትቶልኝ አያውቅም።»

«ይውሰዱታ» አልኳቸው።

ደላላው ሳቅ አመለጠው። ሴትዮዋ አማተቡ። እኔ በመካከላቸው አልፌ፣ ቦዩን ተራምጄ ወጣሁ፤ የቀሚሴ ጫፍ ውሃውን ነካ። አስፋልቱ እስክደርስ እየጨመቅኩት ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ ይመጣል። ስሜን ይጠራል፣ ቀስ በይ ይላል፣ ሰው ያየናል ይላል። ሞጆ እሑድም ቢሆን የጭነት መኪናው አያልቅም፤ ዳር ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ።

«ያ ፍራሽ ቦታ አለው?» አልኳት ጓደኛዬን።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አለው ወይስ የለውም?»

«አለው፣ በእግር በኩል ነው ግን። ሰርቪስ ናት እንግዲህ፣ ጠባብ ናት።»

«ቆዳ አለበት?»

«የምን ቆዳ?»

«ተይው። መጣሁ።»

ባሌ ደረሰብኝ። ቁልፎቹ አሁንም እጁ ላይ ናቸው።

«የአዳማው በዚህ በኩል ነው የሚቆመው» አለኝ። «ነይ፣ ቤታችን ሄደን እንነጋገር።»

«አንተ ሂድ።»

«ልብስሽስ?»

«የነገውን ለብሼዋለሁ።»

ሁለት ተሳቢ መኪና እስኪያልፍ ጠበቅኩና አስፋልቱን ተሻገርኩ። ደብረ ዘይት የሚል ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። «ዱከም ይደርሳል?» አልኩት ሹፌሩን። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀልኝ። ከኋላ አንድ ቦታ ነበረ፤ ገባሁና በሩን ሳብኩት።